«መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» — እስከ መቼ?

ለመሠረተ ትምህርት አንባቢዎች በሬድዮ ከተላለፈ ንግግር የተገለበጠ

  

የዛሬውን ንግግራችንን የምንጀምረው ከአንዲት አጭር መስመር ነው። እስቲ በአጠገባችሁ ያለ መጽሐፍ አንሡ። ሽፋኑን ግለጡ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀርባ ተመልከቱ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር ታገኛላችሁ። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ትላለች።

ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ ብዙ ነገር ታነባላችሁ። የሱቅ ሰሌዳ ታነባላችሁ። የመድኃኒት ብልቃጥ ታነባላችሁ። የልጆቻችሁን ደብተር ታነባላችሁ። ይህችን መስመር ግን ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። እኛ ዛሬ አንዘላትም። መብቱ የማን ነው? የሚጠበቀውስ ከማን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የሚጠበቀው እስከ መቼ ነው? ነገሩ የጠበቃና የዳኛ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ በርካሽ አግኝታችሁ ማንበብ መቻላችሁና አለመቻላችሁ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እናስታውቅ። የውጭ አገር ታሪክ ስንናገር ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የአገራችንን ስናነሣ ዓ.ም. እንላለን።

መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ በነበረበት ዘመን

በአገራችን የብራና መጽሐፍ እንዴት ይጻፍ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ቁም ጸሐፊው ብራና ይፍቃል፤ ቀለም ይበጠብጣል፤ ብርዕ ይቀርጻል። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ፊደል በፊደል ይገለብጣል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወራት ይፈጃል። ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። በዚያ ዘመን «መጽሐፌን ለምን ገለበጥህ?» ብሎ የሚከስ አልነበረም። መገልበጥ ድካም ነበረ እንጂ ትርፍ አልነበረበትም።

በ1450ዎቹ ግን በጀርመን አገር በማይንስ ከተማ ዮሐንስ ጉተንበርግ በሚነቃቀሉ የብረት ፊደሎች መጽሐፍ ማተም ጀመረ። መገልበጥ ቀላል ሆነ። አንድ ጊዜ ፊደሉ ከተለቀመ በኋላ መቶውንም ሺውንም ማተም ተቻለ። ገንዘብ መጣ። ገንዘብ በመጣበት ደግሞ ጥያቄ ይመጣል፦ ማነው የሚያትመው? ማነውስ የሚከለከለው?

የለንደን ነጋዴዎች

በእንግሊዝ አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ቤተ መንግሥቱ ነበር። በ1557 ለለንደን የመጽሐፍ አታሚዎችና ሻጮች ማኅበር የንጉሣዊ መብት ሰነድ ተሰጠ። የማኅበሩ አባል አንድን መጽሐፍ በማኅበሩ መዝገብ ላይ በስሙ ካስመዘገበ፣ ሌላው አባል ያንን መጽሐፍ አያትምም። መንግሥትም ተጠቀመ፤ ማን ምን እንደሚያትም በዚህ መንገድ ይቆጣጠር ነበርና። ደራሲው ግን የት አለ? ደራሲው በመዝገቡ ላይ የለም። ጽሑፉን አንድ ጊዜ ለነጋዴው ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አይመለከተውም።

አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። ጆን ሚልተን የሚባል ትልቅ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ነበረ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በቃሉ እየተናገረ፣ ሌሎች እየጻፉለት፣ «የጠፋው ገነት» የተባለውን ረጅም ግጥም ደረሰ። በ1667 ከአሳታሚው ጋር ውል ተፈራረመ። በፊርማው ዕለት የተቀበለው 5 ፓውንድ ነው። የመጀመሪያው እትም 1300 ቅጂ ሲሸጥ ሌላ 5 ፓውንድ አገኘ። በሕይወቱ ያገኘው ይኸው 10 ፓውንድ ነው። ከሞተ በኋላ ሚስቱ በ1680 ዓመት 8 ፓውንድ ተቀብላ የቀረውን መብት ሁሉ ለቀቀች። ከዚያ ወዲያ መብቱ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተላለፈ፤ የገዙትም ከበሩበት። የሚልተን የልጅ ልጅ ግን በድህነት ኖረች። በ1750 በለንደን እሷን ለመርዳት ተብሎ ቴአትር ታየ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መጽሐፉ ለዘለዓለም የአንድ ነጋዴ ሀብት መሆኑ ደራሲውን አልጠቀመውም። የልጅ ልጁንም አልጠቀማትም። አንባቢው ደግሞ ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ይከፍል ነበር።

የ1710 ሕግ

በ1710፣ በንግሥት አን ዘመን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። በሕጉ ርእስ ላይ ዓላማው ተጽፏል፤ ትምህርትን ለማበረታታት ይላል። ይህ ሕግ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አደረገ።

አንደኛ፣ መብቱን ለደራሲው ሰጠ። ደራሲው ከፈለገ ይሸጠዋል፤ ነገር ግን መነሻው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመብቱ ጊዜ ወሰነለት። አዲስ መጽሐፍ ለ14 ዓመት ይጠበቃል። 14ቱ ዓመት ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። ቀድሞ ለታተሙ መጻሕፍት 21 ዓመት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ማንም ሊያትመው ይችላል።

በቁጥር እንየው። አንዲት ደራሲ በ1720 መጽሐፍ አሳተመች እንበል። እስከ 1734 ያለ እሷ ፈቃድ ማንም አያትመውም። በ1734 በሕይወት ካለች እስከ 1748 ይጨመርላታል። በ1749 ግን መጽሐፉ የወል ነው። የወል ግጦሽ ታውቃላችሁ፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚሰማራበት ነው። የወል መጽሐፍም እንደዚያው ነው። አንድ ልዩነት ግን አለው። ግጦሽ ከብት ሲበዛበት ያልቃል። መጽሐፍ አንባቢ ሲበዛበት አያልቅም።

ሕጉ ሌላም ግዴታ ነበረበት። ከሚታተመው መጽሐፍ ዘጠኝ ቅጂ ለዘጠኝ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይሰጥ ነበር።

የኤዲንብራው መጽሐፍ ሻጭ

ሕጉ ወጣ። የለንደን ታላላቅ መጽሐፍ ሻጮች ግን በቀላሉ አልተረቱም። «ሕጉ የሰጠን ተጨማሪ ጥበቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከጥንት የመጣ መብት አለን። መጽሐፍ እንደ ቤትና እንደ መሬት ነው፤ የገዛው ሰው ለዘለዓለም ይይዘዋል» አሉ። በዚህ አባባል ለብዙ ዓመታት ሌላውን አታሚ ሲያስፈራሩና ሲከሱ ኖሩ።

በስኮትላንድ አገር፣ በኤዲንብራ ከተማ፣ አሌግዛንደር ዶናልድሰን የሚባል መጽሐፍ ሻጭ ነበረ። ይህ ሰው ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን እያተመ በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ1763 ጭራሽ በለንደን መካከል ሱቅ ከፈተ። ዋጋው ከሌሎቹ ከመቶ 30 እስከ 50 ያነሰ ነበር። እስቲ አስቡት! ጎረቤታችሁ 10 ብር የሚሸጠውን እናንተ በ6 ብር ስትሸጡ ምን ይላችኋል? የለንደን ነጋዴዎችም ዝም አላሉትም። ክስ በክስ ላይ አመጡበት።

የነገሩ መቋጫ የሆነው የጄምስ ቶምሰን «ወቅቶች» የተባለው የግጥም መጽሐፍ ነው። ግጥሙ የወጣው ከ1726 እስከ 1730 ነበር። ደራሲው በ1748 ሞተ። ሕጉ የሰጠው ጊዜ ቢበዛ ቢበዛ በ1750ዎቹ መጨረሻ አልቋል። ሆኖም በ1769 በለንደን አንድ ፍርድ ቤት፣ ስለዚሁ መጽሐፍ በቀረበ ሌላ ክስ፣ ከአራቱ ዳኞች ሦስቱ ለነጋዴዎቹ ፈረዱ። መብቱ ዘለዓለማዊ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ቶማስ ቤኬት የተባለ መጽሐፍ ሻጭ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የመጽሐፉን መብት በጨረታ ገዛ። ዶናልድሰን ደግሞ በ1768 ያንኑ መጽሐፍ አትሞ ኖሯል። ቤኬት ከሰሰው፤ እግድም አወጣበት።

ዶናልድሰን ይግባኝ አለ። ክርክሩ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ይግባኝ የለም። በ1774 በየካቲት ወር ለቀናት ክርክሩ ተሰማ። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ሎርድ ካምደን ተነሥተው ተናገሩ። መብቱ ዘለዓለማዊ ከሆነ ዕውቀት ሁሉ በጥቂት ነጋዴዎች እጅ ይቆለፋል፣ ዋጋውንም እነሱ እንዳሻቸው ይወስናሉ ብለው አስጠነቀቁ። የካቲት 22 ቀን 1774 ምክር ቤቱ ለዶናልድሰን ፈረደ። ለታተመ መጽሐፍ ያለው መብት ሕጉ የሰጠው ብቻ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ መብቱም ያልቃል ተባለ።

በኤዲንብራ ሕዝቡ እሳት አንድዶ ደስታውን እንደገለጸ የዚያ ዘመን ጋዜጦች ጽፈዋል። የለንደን ነጋዴዎች በበኩላቸው ወደ 200 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ሀብታችን በአንድ ቀን ጠፋ እያሉ አለቀሱ። ፓርላማው እንዲያስብላቸው ለመኑ፤ አልሆነላቸውም።

ዶናልድሰን ጻድቅ ነበር ልንላችሁ አይደለም። ነጋዴ ነበር፤ ትርፉን ይፈልግ ነበር። ነገር ግን የእሱ ትርፍ የድሀውን አንባቢ መንገድ ከፈተ። ከፍርዱ በኋላ ምን ሆነ? ጆን ቤል የተባለ ሌላ አታሚ የእንግሊዝን ባለቅኔዎች ሥራ በ109 ትንንሽ መጻሕፍት ከፋፍሎ፣ ከ1777 ጀምሮ በርካሽ አውጥቶ ሸጠ። ሚልተንም በዚያ ውስጥ አለ። ቀድሞ በሀብታም ቤት መደርደሪያ ላይ ብቻ የነበረው መጽሐፍ በኪስ የሚያዝ ሆነ።

የዶናልድሰን ልጅ ጄምስ አባቱን ተከትሎ መጽሐፍ ሻጭና ጋዜጣ አሳታሚ ሆነ። በ1830 ሲሞት ሀብቱን ለድሆች ልጆች ማሳደጊያና ማስተማሪያ ተናዘዘ። በኤዲንብራ በ1850 የተከፈተው ትልቅ ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸውን ልጆችም ተቀብሎ አስተማረ።

ዓመቱ እየረዘመ መጣ

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። ደራሲዎችም የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። «28 ዓመት ያንሳል። እኛ ስንሞት ልጆቻችን ምን ይበላሉ?» አሉ። ጥያቄው ውነት ነበረበት። ደራሲ ሌት ተቀን ደክሞ የጻፈውን ሌላው ገልብጦ ቢሸጥበት፣ ነገ ማን ይጽፋል? ስለዚህ ጊዜው እየተጨመረ መጣ። በእንግሊዝ በ1842 ወደ 42 ዓመት ከፍ አለ። በ1886 በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ አገሮች ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን አገር ደራሲ መብት እንዲያከብር ተስማሙ። ከዚያም የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የሚለው ልክ በብዙ አገር ተለመደ። ኋላ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ዓመት ሆነ።

በአሜሪካም በ1998 ሌላ 20 ዓመት ተጨመረ። ጭማሪው ገና ለሚጻፈው ብቻ አልነበረም፤ ደራሲዎቻቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ለሆናቸው መጻሕፍትም ነበር። ኤሪክ ኤልድሬድ የሚባል አሜሪካዊ የቆዩ መጻሕፍትን በኢንተርኔት ላይ በነፃ ያወጣ ነበር። «የሞተ ሰው ዓመት ስለ ተጨመረለት አዲስ መጽሐፍ አይጽፍም» ብለው እሱና ጠበቆቹ ተከራከሩ። ጥር 15 ቀን 2003 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ በ2 ፈረደባቸው። ዶናልድሰን በ1774 ረታ፤ ኤልድሬድ በ2003 ተረታ። በዚህ ምክንያት በ1923 የታተሙት መጻሕፍት በአሜሪካ የወል የሆኑት ጥር 1 ቀን 2019 ነው። ሃያ ዓመት ተጠበቀ ማለት ነው።

መጻሕፍት በኢንተርኔት

አሁን ደግሞ ወደ ኮምፒዩተር እንለፍ። ጉተንበርግ መገልበጥን ቀላል አደረገው ብለናል። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ከዚያ የበለጠ ቀላል አደረጉት። ዛሬ በስልካችሁ አንድ ጊዜ ነክታችሁ አንድ መጽሐፍ ለመቶ ሰው ትልካላችሁ። ስለዚህ የጥንቱ ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመለሰ።

ሐምሌ 4 ቀን 1971 ማይክል ሃርት የሚባል ወጣት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር አጠገብ ተቀምጦ የአገሩን የነፃነት መግለጫ በጣቱ ጻፈ። ሌላውም ሰው እንዲያነበው አስቀመጠው። ሥራውን በአታሚው ስም የጉተንበርግ ፕሮጀክት አለው። በጎ ፈቃደኞች እየተጨመሩ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ስሕተት እያረመ፣ ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን አከማቹ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት በነፃ ይገኙበታል። ከየት አመጧቸው? ከወሉ ነው። መብቱ ማብቂያ ባይኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ መጽሐፍ በነፃ ሊቀመጥ አይችልም ነበር።

ጥር 15 ቀን 2001 ደግሞ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ዊኪፔዲያ የተባለውን መዝገበ ዕውቀት ከፈቱ። መዝገበ ዕውቀት ማለት ስለ አገሩ፣ ስለ በሽታው፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ከዋክብቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚናገር መጽሐፍ ነው። ዊኪፔዲያ ግን ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል ነው። አንዱ ሁለት መስመር ይጽፋል። ሁለተኛው ስሕተቱን ያቃናል። ሦስተኛው ማስረጃ ይጨምራል። ማን ምን እንደ ለወጠ ይመዘገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይሉ የለ? ነገሩ ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዊኪፔዲያ ባዶ እንዳይሆን ጸሐፊዎቹ የቆየ መጽሐፍ ፈለጉ። ያገኙትም የብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት 11ኛ እትም ነው። ይህ እትም በ1910 እና በ1911 በ29 መጻሕፍት ወጥቶ ነበር። ጊዜው አልፎ የወል ስለ ሆነ ብዙውን ጽሑፍ ወሰዱለት፤ ከዚያም እያደሱ እያረሙ ሄዱ። ብሪታኒካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የት ይመስላችኋል? በኤዲንብራ ነው፤ ከ1768 እስከ 1771። የዶናልድሰን ከተማ!

የወል የሆነና የተፈቀደ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይደባለቅባችሁ። የወል የሆነ መጽሐፍ ጊዜው ያለቀበት ነው። ማንንም ሳትጠይቁ ትገለብጡታላችሁ። ዊኪፔዲያ ላይ የሚጽፉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ በሕይወት ያሉ ናቸው። የጻፉት ገና በሕግ የተጠበቀ ነው። ታዲያ እንዴት ሁሉም ይገለብጠዋል? ስለ ፈቀዱ ነው።

በኤልድሬድ ክርክር ጠበቃ የነበሩት ላውረንስ ሌሲግ ክርክሩ ሳያልቅ በ2001 ከሌሎች ጋር ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ድርጅቱ በ2002 መጨረሻ ዝግጁ የፈቃድ ጽሑፎች አወጣ። ደራሲው ከነዚህ አንዱን መርጦ በሥራው ላይ ይለጥፋል፤ ለሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ ፈቀደ ማለት ነው። ዊኪፔዲያም በ2009 ከነዚህ አንዱን ተቀበለ። ፈቃዱ እንዲህ ይላል፦ ገልብጥ፣ አርም፣ ብትፈልግ ሽጠው። ግን የጸሐፊዎቹን ድካም ጥቀስ። አንተም የሠራህበትን ለሌላው በዚሁ ፈቃድ ልቀቅ። ቆልፈህ አታስቀር።

ፈቃዱ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን በሙሉ ገልብጦ በትንሽ ማስቀመጫ ላይ ይይዘዋል። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪው ከፍቶ ያነባል። ካርድ መሙላት አያስፈልገውም። ይህን ለማድረግ ማንንም መለመን አላስፈለገም፤ ፈቃዱ ቀድሞ ተሰጥቷልና።

ማንም ይጽፋል ማለት ግን የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ማስረጃው ከየት እንደ መጣ ተመልከቱ። ደግሞም ማንም ይጽፋል ማለት የሌላውን ሰው መጽሐፍ አምጥቶ ይለጥፋል ማለት አይደለም። በዊኪፔዲያ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሲገኝ ይሰረዛል። ክፍትነት ስርቆት አይደለም።

የእኛስ ሕግ?

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት ደንግጎ ነበር። በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ አዋጅ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐሳብ ግን በራሱ የማንም አይደለም፤ የሚጠበቀው ሐሳቡ የተጻፈበት መልክ ነው። የሕግና የአስተዳደር ይፋ ጽሑፎችም በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም።

ሁለት ምሳሌ እንመልከት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን የጻፉ ደራሲ ናቸው። በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። በአዋጁ ልክ ስንቆጥር 50ው ዓመት በ1981 ዓ.ም. ሞልቷል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ያረፉት ግን በ1996 ዓ.ም. ነው። 50 ዓመቱ የሚሞላው በ2046 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የቆየ ቢመስልም ገና የተጠበቀ ነው። አያችሁ? የሚቆጠረው ከደራሲው ሞት ጀምሮ ነው እንጂ መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮ አይደለም።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ይህ ለምን ሆነ? በአማርኛ የሚታወቅ ነገር ስላነሰ አይደለም። የጻፈው ሰው ስላነሰ ነው። የወንዛችሁን ስም፣ የገበያችሁን ቀን፣ የአያቶቻችሁን እርሻ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የምታውቁትን በራሳችሁ ቃል መጻፍ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

በመጨረሻ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጽሑፍ ለመገልበጥ ስትነሡ ጠይቁ። ደራሲው ማነው? ጊዜው አልቋል ወይስ አላለቀም? ካላለቀ፣ ባለ መብቱ ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም? ጊዜው ካላለቀና ካልተፈቀደላችሁ ገዝታችሁ ወይም ተውሳችሁ አንብቡ፤ ደራሲውም መብላት አለበት። ጊዜው ካለቀ ግን አትፍሩ። መጽሐፉ የእናንተ ነው። ገልብጡት፣ አንብቡት፣ ለጎረቤት አንብቡለት። የደራሲውን ስም ግን አትፋቁ። ቁም ጸሐፊው በብራናው መጨረሻ አስቡኝ ብሎ የለመነው ይህንኑ ነበር።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። 

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሚልተን የልጅ ልጅ ለምን ድሀ ሆነች? መብቱ ለዘለዓለም መሆኑ ማንን ጠቀመ?
2. ለደራሲው መብት ስንት ዓመት ይበቃል ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ተናገሩ።
3. በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ግለጡ። መቼ ታተመ? ደራሲው በሕይወት አሉ? መጽሐፉ የተጠበቀ ነው ወይስ የወል?
4. ስለ ቀበሌያችሁ አሥር መስመር በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ለጓደኛ አሳዩና ስሕተቱን ያርምላችሁ።